የ«መቶ በመቶ» ሰርተፍኬት ሲመዘን፦ የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች የመገኘት ሽልማት ለልጆች ፍትሐዊ ነውን?

በእንግሊዝ አገር የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ያለው ወላጅ ሳይጠይቅና ሳይመዘገብ ከሚቀርቡለት የትምህርት ቤት አገልግሎቶች አንዱ የመገኘት ሽልማት ነው። በአንድ ተርም፣ ማለትም ከትምህርት ዓመቱ ሦስት ክፍለ ጊዜዎች በአንዱ፣ አንድም ቀን ሳይቀር የተማረ ልጅ በተርሙ መጨረሻ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስሙ ተጠርቶ፣ እየተጨበጨበለት ሰርተፍኬት ይቀበላል። ሽልማቱ በሕግ የታዘዘ ስላልሆነ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በፈለገው መንገድ ያዘጋጀዋል፤ ይሁንና በተለያዩ የለንደን ሠፈሮች የምንኖር ኢትዮጵያውያን ወላጆች ስንገናኝ የምናወራው ነገር ከጥቂት ልዩነት በቀር አንድ ዓይነት ነው። ልጄ የምትማርበትን ትምህርት ቤት ስም የማልጠቅሰውም ስለዚህ ነው፤ በዚህ ግምገማ የማነሣው ጉድለት የአሠራሩ እንጂ የአንድ ትምህርት ቤት ብቻ አይደለምና።

በመጀመሪያ የሽልማቱን ይዘት ልግለጽ። በልጄ ትምህርት ቤት አንድ ተርም ሙሉ ያልቀረ ተማሪ ጠርዙ በወርቃማ ቀለም የተሠራ፣ ወፈር ያለ ሰርተፍኬትና በሹራብ ላይ የሚሰካ ባጅ ያገኛል፤ ባጁ ለአንድ ተርም ነሐስ፣ ለሁለት ተርም ብር፣ ዓመቱን ሙሉ ላልቀረ ደግሞ ወርቅ ነው። የወርቁን ባጅ ያገኙ ልጆች ስም በዓመቱ መጨረሻ ለዕጣ ይቀርብና ዕድለኛው ብስክሌት ይወስዳል። ከዚህ ሌላ በየሳምንቱ ዓርብ ከፍተኛ ውጤት ያስመዘገበው ክፍል አንድ ትልቅ የድብ አሻንጉሊት ለሳምንት ያህል በክፍሉ ያስቀምጣል፤ የጨዋታ ሰዓቱም ይረዝምለታል። ለወላጆች ደግሞ የልጃቸው ውጤት በመቶኛ ተሰልቶ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ ቀለም ተቀብቶ በትምህርት ቤቱ የስልክ መተግበሪያ ላይ ከቀን ወደ ቀን ይታያቸዋል። አዘገጃጀቱ እንከን አይወጣለትም፦ ኅትመቱ ንጹሕ ነው፣ ሥነ ሥርዓቱ በሰዓቱ ይጀመራል፣ ባለፈው ዓመት ልጄ በተቀበለችው ሰርተፍኬት ላይም ስሟ ከነአባቷ ስም ሳይዛነፍ ተጽፏል። በሐኪም ቤትና በባንክ ወረቀት ላይ የኢትዮጵያውያን ስም ምን እንደሚደርስበት የሚያውቅ ሰው ይህን እንደ ትንሽ ነገር አይቆጥረውም።

ችግሩ የሚታየው ሽልማቱ ምን እንደሚለካ ጠጋ ብለው ሲመለከቱ ነው። በእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ስም የሚጠራው በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ነው። የትምህርት ዓመቱ 190 ቀን ስለሆነ በዓመት 380 የስም ጥሪ አለ ማለት ነው፤ ለእያንዳንዱ ጥሪም በመዝገቡ ላይ አንድ ምልክት ይሞላል። ልጁ ታሞ እንደሆነ ኮድ አይ (I)፣ የሐኪም ቀጠሮ ኖሮት እንደሆነ ኮድ ኤም (M)፣ በሃይማኖቱ በዓል ምክንያት ቀርቶ እንደሆነ ኮድ አር (R) ይጻፍለታል። እነዚህ ሦስቱም በመንግሥት መመሪያ የተፈቀዱ ቀሪዎች ናቸው፤ ወላጅ አይከሰስባቸውም፣ የገንዘብ ቅጣትም አያስከትሉም። ሽልማቱ የሚሰላበት ቁጥር ግን የተፈቀደውን ካልተፈቀደው አይለይም። ርካሽ የአውሮፕላን ቲኬት ስለተገኘ ብቻ በትምህርት ሰሞን ሁለት ሳምንት ሽርሽር የሄደ ልጅና አንድ ጠዋት ጥርሱን ሊያስነቅል የሄደ ልጅ በሰርተፍኬቱ ፊት እኩል ናቸው፤ ሁለቱም መቶ በመቶ አልሞሉም።

ከዚህም የባሰው የማርፈድ ነገር ነው። አርፍዶ ቢመጣም መዝገቡ ሳይዘጋ የደረሰ ልጅ ኮድ ኤል ይጻፍበታል፤ ይህ ምልክት ደግሞ እንደ መገኘት ይቆጠራል። መመሪያው መዝገቡ ከ30 ደቂቃ በላይ ክፍት እንዳይቆይ ስለሚያዝ ግማሽ ሰዓቱን ሙሉ በሚጠብቅ ትምህርት ቤት በየቀኑ 20 ደቂቃ እያረፈደ የሚገባ፣ የጠዋቱን ንባብ ዓመቱን በሙሉ በወጉ ተከታትሎ የማያውቅ ልጅ የወርቅ ባጅ ሊያጠልቅ ይችላል። በአንጻሩ በየጠዋቱ በሩ ሲከፈት የሚገኝ ልጅ በኅዳር አንድ ቀን ካተኮሰው የዓመቱ ወርቅ ያን ዕለት አመለጠው። የሐኪም ቀጠሮም ብልሃት አለው፦ ልጁ የጠዋቱ ስም ከተጠራ በኋላ ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ስም ሳይጠራ ከተመለሰ በመዝገቡ ላይ ቀሪ የለበትም። ነባር ወላጆች ይህን ስለሚያውቁ ቀጠሮአቸውን ረፋዱ ላይ ያስይዛሉ። አገሩን ያልለመደ፣ ሆስፒታሉ የሰጠውን ሰዓት ለማስለወጥ በእንግሊዝኛ ስልክ መደወል የሚያስጨንቀው ወላጅ ግን በተሰጠው ሰዓት ይሄዳል፤ ልጁም ሽልማቱን ያጣል። እንግዲህ በአዳራሹ ውስጥ የሚጨበጨበው ለልጁ ነው ወይስ ለወላጁ የአሠራር ዕውቀት?

ስለ መቶኛውም ጥቂት ልበል፤ ብዙ ወላጅ የሚደነግጠው በእርሱ ነውና። በዓመቱ ስሌት አንድ ቀን ከ0.6 በመቶ ያነሰ ነገር ነው። መተግበሪያው ግን የሚያሰላው ትምህርት ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ ስለሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ውስጥ አንድ ቀን የቀረ ልጅ ውጤቱ 90 በመቶ ሆኖ በቀይ ይታያል። ከስም ጥሪው 10 በመቶና ከዚያ በላይ የቀረ ተማሪ ደግሞ በመንግሥት አቆጣጠር ከተደጋጋሚ ቀሪዎች ተርታ ይመደባል። በመስከረም አንድ ቀን ጉንፋን የያዘው ልጅ ወላጅ ያንን ቀይ ቀለም ሲያይ ምን እንደሚሰማው ለመገመት አያስቸግርም፤ በተለይም ከትምህርት ቤት የሚመጣን ማንኛውንም ደብዳቤ እንደ መጥሪያ የሚያነቡ ወላጆች በመካከላችን ጥቂት አይደሉም።

በሕመም በኩል ሽልማቱ ከትምህርት ቤቱ ከራሱ ምክር ጋር ይጋጫል። የአገሪቱ የጤና አገልግሎት፣ ማለትም ኤን ኤች ኤስ፣ ያስመለሰው ወይም ያስቀመጠው ልጅ ሕመሙ ከቆመለት በኋላ 48 ሰዓት ሳይሞላው ወደ ትምህርት ቤት እንዳይመለስ ይመክራል፤ ጉድፍ የወጣበት ልጅም ሽፍታው ሁሉ እስኪደርቅ ድረስ ከቤት እንዳይወጣ ያዛል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ 5 ቀን ያህል ይፈጃል። ትምህርት ቤቱ ይህን ምክር በየብርዱ ወራት ለወላጆች ይልካል። ምክሩን ያከበረ ወላጅ ልጅ ሽልማቱን ያጣል፤ ምክሩን የጣሰ ወላጅ ልጅ በአዳራሽ ይጨበጨብለታል፤ ከእርሱ ሕመሙ የተጋባባቸው ልጆች ደግሞ ቤታቸው ተኝተው ባጃቸውን ያጣሉ።

የመጀመሪያው ተርም ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው በትምህርት ቤቱ በር ላይ ያየሁትን ልጥቀስ። አንዲት የአገሬ ልጅ ልጇን ለመምህሩ ከማስረከቧ በፊት ከቦርሳዋ ካልፖል የሚባለውን የልጆች ትኩሳት ማስታገሻ አውጥታ መድኃኒቱን በምትመጥነው ትንሽ የፕላስቲክ ሲሪንጅ ወደ አፉ አስገባችለት። የልጁ ጉንጭ ቀልቷል፣ ዓይኑም ፈዝዟል። እኔ ሳልጠይቃት ነበር የተናገረችው፦ «ምን ላድርግ እህቴ፣ ባጄ ሊቀርብኝ ነው ብሎ ሌሊቱን ሲያለቅስ አደረ። የከሰዓቱን ስም እስኪጠሩ ብቻ ይዋልልኝ እንጂ ከዚያ በኋላ ቢደውሉልኝም መጥቼ እወስደዋለሁ።» በዚህች እናት ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልፈርድባትም። ሰባት ዓመት ላልሞላው ልጅ ከመስከረም ጀምሮ የነሐስ ባጅ እያሳዩ፣ በመጨረሻው ሳምንት ላይ «ጤና ይቀድማል» ማለት የሚሠራ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ገና ልመለስ፤ ይህን ግምገማ እንድጽፍ ያስገደደኝ እርሱ ነውና። እኛ ገናን የምናከብረው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጃንዋሪ 7 ቀን ነው፤ የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች በዚያን ሰሞን ከዕረፍት ተመልሰዋል። የበዓሉ ቅዳሴ በዋዜማው ሌሊት ስለሚቀደስ ልጆች በነጠላ ተጠቅልለው ቤተ ክርስቲያን ያድራሉ፤ ከሌሊቱ በኋላ ወደ ቤት ተመልሰው ጾሙን ይፈታሉ፣ ከዚያም ይተኛሉ። በዚያ ቀን ልጅን ወደ ትምህርት ቤት መላክ የሚፈልግ ቤተሰብ የለም፤ ሕጉም አያስገድድም። እ.ኤ.አ. የ1996 የትምህርት ሕግ በአንቀጽ 444 ላይ ወላጁ የሚከተለው ሃይማኖት ለአምልኮ ብቻ በለየው ቀን ልጁ ቢቀር ወላጁ ጥፋተኛ እንደማይሆን በግልጽ ያስቀምጣል። ኮድ አር የተዘጋጀውም ለዚሁ ነው።

ይሁንና ሽልማቱን በተመለከተ ሕጉ የሰጠውን መብት ሰርተፍኬቱ ይነፍጋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ገና የዋለው እሑድ ስለነበር ማንም ልጅ ምንም አላጣም። በ2025 ማክሰኞ፣ በ2026 ረቡዕ ዋለ፤ በ2026 ጥምቀትም ሰኞ ስለነበር ሁለቱንም በዓላት ያከበረ ልጅ በአንድ ወር ውስጥ አራት የስም ጥሪ አመለጠው። ስቅለትም እንዲሁ ነው፦ በ2025 ትንሣኤ ከምዕራባውያኑ ጋር በአንድ ቀን ስለዋለ ስቅለት ለሁሉም የሥራ መዝጊያ ነበር፤ በ2024 ግን የእኛ ስቅለት ሜይ 3 ቀን፣ ተራ የትምህርት ዓርብ ላይ ወደቀ። ስለዚህ የአንድ ኦርቶዶክሳዊ ልጅ ወርቅ ማግኘት አለማግኘት የሚወሰነው በትጋቱ ሳይሆን በባሕረ ሐሳብ ስሌት ነው። ሙስሊም ወገኖቻችን ደግሞ ከዚህ የከፋ ችግር አለባቸው፤ ኢድ አል ፈጥርና ኢድ አል አድሃ በጨረቃ ስለሚወሰኑ ቀኑን አስቀድሞ በእርግጠኝነት ማሳወቅ እንኳ አይቻላቸውም። እንደ ታወር ሐምሌትስ ባሉ ሙስሊሞች በብዛት በሚኖሩባቸው አካባቢዎች ብዙ ትምህርት ቤቶች በኢድ ቀን ስለሚዘጉ በዚያ የሚማር ልጅ ምንም አያጣም፤ ከዚያ ርቆ የሚማር ያው ሙስሊም ልጅ ግን ያጣል። የፈረንጆቹን ገና የሚያከብር ልጅ በዓሉ ሁልጊዜ በዕረፍት ጊዜ ስለሚውል ይህ ምርጫ ከነአካቴው አይገጥመውም።

ልጄ በጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ያቀረበችልኝ ጥያቄ አጭር ነበር፦ «እማዬ፣ ዘንድሮ ገናን ቅዳሜ ብናደርገውስ?» እናቴ ብትሰማት ምን ትል እንደነበር አላውቅም፤ እኔ ግን መልስ ለመስጠት ጊዜ ወስዶብኛል። ልጁ በሃይማኖቱና በባጁ መካከል እንዲመርጥ ያሰበ አስተማሪ በዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድም አይኖርም፤ ብቻ መዝገቡ ላይ ያለው ቁጥር እንዲህ ይሠራል። በዓላችንን አክብረናል፤ ባጁም ቀርቷል። በኋላም በሥነ ሥርዓቱ ቀን ባጅ ያልደረሳቸው ልጆች ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ሲያጨበጭቡ ዋሉ። በአዳራሹ አስተያየት መሠረት እነዚህ ልጆች አንድ ዓይነት ናቸው፤ የታመመ፣ የተቀጣ፣ ያከበረ፣ የሰነፈ፣ እናቱ በሥራ ፈረቃ ምክንያት ያላደረሰችው፣ ሁሉም በአንድ ረድፍ።

ከጥቅሉ ውስጥ እኔ ከሁሉ የከፋ የምለው ግን ሰርተፍኬቱን አይደለም፤ ድቡን ነው። ሰርተፍኬት ያጣ ልጅ የሚያዝነው ለራሱ ነው። የክፍል ውድድር ግን የአንዱን መቅረት የ30 ልጅ ኪሳራ ያደርገዋል። በልጄ ክፍል አስም ያለበት ልጅ አለ፤ በብርድ ወራት ደረቱ ሲዘጋበት ይቀራል። ዓርብ ዓርብ ድቡ ወደ ጎረቤት ክፍል ሲሄድ ልጆቹ ማን እንደቀረ በጣታቸው ይቆጥራሉ፤ መምህሯ «ማንንም አንወቅስም» ብትላቸውም ቆጠራውን የጀመረችው ሰሌዳው ላይ የተሰቀለችው ሠንጠረዥ ናት። አንድ ቀን ልጄ ስትነግረኝ ያ ልጅ ሰኞ ሲመለስ ከክፍል ጓደኞቹ አንዱ «አንተ ባትቀር ኖሮ ድቡ የእኛ ነበር» አለው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ለሳንባው ይቅርታ እንዲጠይቅ የሚያደርግ ጨዋታ፣ አዘጋጁ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ከትምህርት ቤት መውጣት አለበት።

እዚህ ላይ እ.ኤ.አ. የ2010 የእኩልነት ሕግ ይነሣል። ሕጉ ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎቻቸው በሚሰጡት ጥቅም በሃይማኖትም ሆነ በአካል ጉዳት ምክንያት አድልዎ እንዳይፈጽሙ ይከለክላል፤ ለሁሉም እኩል የሚመስል ደንብ አንዱን ወገን ለይቶ ሲጎዳና ደንቡን የሚያጸድቅ በቂ ምክንያት ሲታጣም አድልዎ ብሎ ይጠራዋል፤ ለአካል ጉዳተኛ ተማሪም ተገቢ ማስተካከያ እንዲደረግ ያዛል። የረጅም ጊዜ ሕመምም በልጁ የዕለት ኑሮ ላይ እንደሚያሳድረው ተጽዕኖ በዚህ ውስጥ ሊካተት ይችላል። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ ለነሐስ ባጅ ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰውም ይኖራል ብዬ አልገምትም። ይሁንና ወላጅ ከርእሰ መምህር ፊት ሲቀርብ የሚለምን ሳይሆን የሚጠይቅ ሰው ሆኖ እንዲቀርብ ይህን ማወቁ ይጠቅመዋል።

አንድ አገልግሎት የሚመዘነው ደግሞ የተባለለትን በመሥራቱ ነው፤ ሽልማቱ ልጆችን ወደ ትምህርት ቤት ያመጣል ወይ? በዚህ ጉዳይ በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ፣ ከ6ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ባሉ 15,329 ተማሪዎች ላይ የተደረገ ሰፊ ሙከራ አለ፤ ካርሊ ሮቢንሰን፣ ጃና ጋሉስ፣ ሞኒካ ሊና ቶድ ሮጀርስ ያካሄዱት ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2021 በምሁራን መጽሔት ታትሟል። ለአንዱ ቡድን «በሚመጣው ወር ካልቀራችሁ ትሸለማላችሁ» ተባለ፤ ለሌላው ቡድን ቀደም ሲል ባለመቅረቱ ያልጠበቀው ሽልማት ተላከለት፤ ሦስተኛው ምንም አልተላከለትም። ሽልማት አስቀድሞ ቃል የተገባላቸው ልጆች በአማካይ ምንም ለውጥ አላሳዩም። ያልጠበቁትን ሽልማት የተቀበሉት ደግሞ በተከታዩ ጊዜ ከበፊቱ ይልቅ መቅረት አበዙ። ተመራማሪዎቹ እንደሚያስረዱት ሽልማቱ ለልጆቹ ያስተላለፈው መልእክት ያልታሰበ ነበር፦ ጓደኞችህ እንዲህ አዘውትረው አይመጡም፣ ከአንተም የሚጠበቀው ይህን ያህል አልነበረም የሚል። ይህ ጥናት በትልልቅ ልጆች ላይ የተደረገ ነው። በትንንሾቹ ዘንድ ደግሞ ሌላ እንቅፋት አለ፤ የስድስት ዓመት ልጅ ራሱ ተነሥቶ፣ ቁርሱን አቅርቦ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ አይሄድም። የሚያደርሰው ወላጅ ነው፤ ሽልማቱን የሚያጣው ግን ልጁ ነው።

ለትምህርት ቤቶቹ ፍትሕ ለማድረግ፣ ያስጨነቃቸው ነገር እውነት መሆኑን መመስከር አለብኝ። ከኮሮና ወረርሽኝ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2018/19 የትምህርት ዓመት፣ በእንግሊዝ ተደጋጋሚ ቀሪ የሆኑት ተማሪዎች 10.9 በመቶ ነበሩ፤ በ2022/23 ወደ 21.2 በመቶ አሻቀቡ። ከአምስት ተማሪ አንዱ ማለት ነው። መንግሥት ከኦገስት 2024 ጀምሮ ላልተፈቀደ ቀሪ የሚጣለውን ቅጣት ከ60 ወደ 80 ፓውንድ አሳድጎታል፤ በ21 ቀን ውስጥ ያልተከፈለ እንደሆነም 160 ይሆናል። ርእሳነ መምህራን በዚህ ሁሉ መካከል ተይዘው ዱላ ብቻ ከሚሆን ማር ይጨመርበት ብለው ሽልማቱን ቢይዙት አይደንቅም። እኔም በልጅነቴ የተማርኩት ቀሪ በተቆጠረ ቁጥር ወላጅ በሚያስጠራ ትምህርት ቤት ስለሆነ፣ መቅረትን አቅልዬ የማይ ሰው አይደለሁም። ኢትዮጵያ ውስጥ በአዳራሽ የሚሸለመው ግን በአብዛኛው ከክፍሉ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጣው ነው፤ ያም የራሱ ችግር አለበት፤ ቢያንስ ግን ልጁ የሠራውን ሥራ ይመዝናል።

ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ያቀረብኩት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ ኮድ አር እና በሐኪም ማስረጃ የተደገፈ ኮድ አይና ኮድ ኤም ለሽልማቱ እንዳይቆጠሩ። የመገኘት ጉዳይን የያዘችው ሠራተኛ በመጀመሪያ የሰጠችኝ መልስ «ቁጥሩን የሚያወጣው ሲስተሙ ነው፣ እኔ አልነካውም» የሚል ነበር። በትሕትና ነው የነገረችኝ፤ እውነትም ነው። ቁጥሩን የሚያወጣው ሲስተሙ ይሁን እንጂ ባጁን የሚሰካው ሰው ነው ብዬ ርእሰ መምህሯን ቀጠሮ ጠየቅኋቸው። እርሳቸው ረጋ ብለው አዳመጡኝ፤ ከሌሎች የሐበሻ ወላጆችና ከሁለት ሙስሊም እናቶች ተመሳሳይ ደብዳቤ እንደደረሳቸውም ነገሩኝ። ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ የሃይማኖት በዓል ቀሪ ከሽልማቱ ስሌት እንዲወጣ ተስማሙ። ሕመምን ግን «በሩን ከከፈትኩት ሁሉም ታምሜ ነበር ይላል» ብለው እንዳለ ተዉት። ድቡም በቦታው ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ በዚያው ትምህርት ቤት ውስጥ ሳይጨበጨብለት የሚሠራ ሌላ አገልግሎት አለ፤ የጠዋት የቁርስ ክበብ። በር ከመከፈቱ ግማሽ ሰዓት ቀድመው የሚመጡ ልጆች ቶስትና ገንፎ ይበላሉ፣ ይሥላሉ፣ ዳማ ይጫወታሉ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 በ750 ትምህርት ቤቶች ነጻ የቁርስ ክበብ አስጀምሯል። በቢሮ ጽዳት ሥራ ከንጋት በፊት ለምትወጣ እናት፣ በሌሊት ፈረቃ ለሚነዳ አባት፣ ልጁን በሰዓቱ ለማድረስ ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ነው፤ ልጁን የሚያመጣው የሚያደርሰውን ሰው በመርዳት ነውና። የማንም ስም ሰሌዳ ላይ አይሰቀልም፤ ትናንት የቀረ ልጅም ዛሬ ቶስቱን ያገኛል። በትምህርት ቤቱ በጀት ላይ ድምፅ ቢኖረኝ የብስክሌቱን ገንዘብ ወደዚያ አዞረው ነበር።

ነጥብ መስጠት ካለብኝ፣ ለሰርተፍኬቱና ለባጁ በአሁኑ ይዞታቸው ከ5 ኮከብ 2 እሰጣለሁ፤ በዓላት ከስሌቱ ከወጡ በኋላ 3 ይገባቸዋል፤ ጤነኛ የሆነና ቤቱ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ የሆነ ልጅ ይደሰትባቸዋል፣ ደስታውንም አልነፍገውም። ለዕጣው ብስክሌት 1፤ ዕድልን በዕድል ላይ መደረብ ነው። ለመተግበሪያው 3፣ ቀለሙን ቢተውት 4። ለድቡ ምንም ኮከብ የለኝም።

እንደ እኔ ያሉ ወላጆች ደብዳቤያቸውን በዲሴምበር፣ ትምህርት ቤት ሳይዘጋ በፊት ያስገቡ። በ2027 ገና ሐሙስ፣ ጥምቀት ደግሞ ማክሰኞ ይውላል፤ ሁለቱንም ቀኖች ጠቅሰው፣ ኮድ አር እንዲጻፍላቸውና ለሽልማት እንዳይቆጠር በግልጽ ይጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። በቃል የተሰጠ ፈቃድ በጃንዋሪ ወር የሚተካ ሠራተኛ ቢመጣ አይገኝም። ከደብራቸው የበዓላቱን ቀን የሚገልጽ አጭር ማስረጃ ማያያዝም ይጠቅማል።